ቀብድ ከተበላ በኋላ ጠበቃ ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለደላላ ነው። ቀጥሎ ለዘመድ፣ ከዚያ ለሌላ ደላላ። ጠበቃ ትዝ የሚለው ገዢው «እከስሻለሁ» ወይም «እከስሃለሁ» ያለ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ጠበቃው ወረቀቱን ተቀብሎ ያነባል፤ አንብቦም ራሱን ይነቀንቃል። ለዚህ ራስ መነቅነቅም ያስከፍላል።

ይህን የምጽፈው ከንዴቴ ገና ሳልበርድ ስለሆነ ቃሌ ከረር ቢል አትፍረዱብኝ።

አክስቴ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፤ ቤቱ ሰፋባት፣ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ፣ እሷም ደረጃ መውጣት አቃታት። ሸጣ አነስ ያለ ቤት ልትገዛ ወሰነች። ደላላው በሳምንቱ ገዢ ይዞ መጣ። ዋጋው 9 ሚሊዮን ብር። ሠፈር ካለች አንዲት ካፌ ተቀመጡ፣ ማኪያቶ ታዘዘ፣ ራፖር ጸሐፊ ተጠራ፣ አንድ ሉክ ወረቀት ተጻፈ። አክስቴ 600 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብላ በ60 ቀን ውስጥ ስም ልታዛውር ፈረመች። «ልጄን ልጠይቅ፣ ጠበቃም ቢያየው» ስትል ደላላው ያላት እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው፦ «እናቴ፣ ጠበቃ ምን ያደርግልሻል? ነገር ነው የሚያበዛው። ገዢው ደግሞ ዛሬ ካልተፈረመ ሌላ ቤት አይቷል።»

ካርታው በሟች ባሏ ስም ነበር። የቤቱ ግማሽ የጋራ ንብረት ድርሻዋ እንደመሆኑ የእሷ ነው። ሌላኛው ግማሽ ግን የእሱ ውርስ ነው፤ በሕጋችን ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ የሟች የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቹ እንጂ ሚስቱ አይደለችም። ሰውየው ከእሷ በፊት የወለደው፣ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ልጅ አለው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሽያጩንም አልተቃወመም። ግን የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስሙ መግባት አለበት፣ ከኤምባሲ ውክልና መላክ አለበት፣ ውክልናው እዚህ ደርሶ መረጋገጥ አለበት። 60 ቀኑ አለቀ። ገዢው ቀብዱን እጥፍ አድርጊና መልሺ አላት። 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር።

ወረቀቱን በኋላ አይቼዋለሁ። የሠፈር ውል ያያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። «ተከራካሪ ቢመጣ ተከራክሬ እመልሳለሁ» ይላል። ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን መቀጫ ይዘረዝርና «ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ብሎ ይዘጋል። ራፖር ጸሐፊው ቁጥሮቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዟቸዋል።

1731 የሚለው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ነው። «በሕግ አግባብ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝና በዚያው መጽሐፍ ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ ሂዱ። 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይደረግ ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ፎርም ካልተሟላ የቤት ሽያጩ በሕግ ፊት እንደ ጸና ውል እንደማይቆጠር ወስኗል። ሻጩ ውል መኖሩን ሳይክድ ሲቀር ደግሞ ችሎቱ በሌላ መዝገብ ነገሩን ለይቶ አይቶታል። ይህ ማለት አክስቴ ካፌ ውስጥ የፈረመችው ወረቀት ከባድ ክርክር የሚነሣበት ነበር። የተቀበለችውን 600 ሺህ ብቻ መልሳ የምትወጣበት በር ምናልባት ክፍት ነበር። በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ግን እሷ ምን ብላ ስትመልስ፣ ምን ስታምንና ምን ስትክድ ነው።

እሷ ምን አደረገች? ሽማግሌ ተቀመጠ። አክስቴ ሰው የምታፍር፣ ነገር የምትፈራ ሴት ነች። ሁሉንም አመነች። ሽማግሌዎቹም ለሁለቱም ያዘኑ መስሏቸው በእርቅ ጨረሱት፦ እጥፉን በሦስት ጊዜ ትክፈል። ያንንም ፈረመች። ይህ ሁለተኛው ወረቀት ግን እንደ ካፌው ወረቀት ገና ክርክር የሚነሣበት አልነበረም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። እኔ ነገሩን የሰማሁት ሁለተኛው ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ነው። ያማከርነው ጠበቃ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የመጀመሪያውን ይዛችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለን። ከዚያም ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ከመጀመሪያው በፊትማ ብትመጡ ክርክርም አያስፈልግም ነበር» አለ።

ለካፌው ወረቀት ጠበቃ ቢኖራት የሚሠራው ሥራ ምን ያህል ነበር? የካርታውን ኮፒ ማየት። በማን ስም እንደሆነ ማንበብ። ባለቤቱ የት ነው ብሎ መጠየቅ። አበቃ። የወራሽነቱን ጉዳይ አስቀድሞ ለመጨረስ ወራት ይፈጅ ይሆናል፤ ቤቱ ገበያ ላይ ሳይወጣ የሚፈጅ ወር ግን ቅጣት አይቆጥርም።

ሁልጊዜ የምሰማቸው ሁለት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ጠበቃ የሚያስፈልገው ገዢን ነው፤ ሻጭ ብሩን ከተቀበለ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። የሚሆነውን ከላይ ነገርኳችሁ። ሌላም ልጨምር። ውልና ማስረጃ ፊት የሚፈረም ውል ላይ «ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገባል። ሲፒኦው ገና በገዢው ኪስ እያለ ይህን የሚፈርም ሻጭ ሞልቷል። ዋጋ አሳንሶ መጻፍም አለ፤ «ለግብሩ ሲባል» ይላሉ። 9 ሚሊዮን የተሸጠው ቤት ወረቀት ላይ 4 ሚሊዮን ይሆናል። ግብር መደበቁ የራሱ ጥፋት ነው፤ እሱን እንኳ ብንተወው፣ ገዢው ቀሪውን 5 ሚሊዮን ቢክድ በምን ታስረዱታላችሁ? ራፖር ጸሐፊው ሲደጋግማት የከረመችው 2005 የምትመጣው እዚህ ጋ ነው፦ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ለያዘው ነገር ሙሉ ማስረጃ ነው። ማኪያቶ የጠጡት ምስክሮች አያድኗችሁም።

ሁለተኛው መልስ «ውልና ማስረጃ ሁሉንም ያጣራል» የሚል ነው። ውልና ማስረጃ የሚያጣራው የራሱን ነው፦ ማንነታችሁን፣ ችሎታችሁን፣ ንብረቱ የእናንተ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት። ክፍያው በስንት ጊዜ ይሁን፣ ቤቱን መቼ ልታስረክቡ፣ ገዢው የባንክ ብድሩ ቢዘገይ ምን ይሁን ብሎ ለእናንተ የሚያስብላችሁ ሠራተኛ መስኮቱ ጀርባ የለም። ሥራውም አይደለም። ደግሞም እዚያ የምትደርሱት ቀብዱ ከተበላ በኋላ ነው።

በስማችሁ ብቻ የተመዘገበ ቤት ያላችሁ አባወራዎችም አትዝናኑ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይጀምራል። የጋራ ቤት መሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ማወቁን ተከትሎ በስድስት ወር፣ ከረዘመም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆናችሁ እዚህ ላለ ወንድማችሁ «ሙሉ ውክልና» የላካችሁም አንብቡት። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ማናቸውንም ጉዳዬን እንዲፈጽም» የሚለው አይበቃም።

ነባር ይዞታ የምትሸጡ ደግሞ የሊዝ አዋጁን፣ 721/2004ን፣ ገዢው ከእናንተ ቀድሞ እንዳያነበው። ንብረቱ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን በሊዝ ይይዛል። ይህን ገዢው ከቀብድ በኋላ ሲሰማ ዋጋ ይቀነስልኝ ብሎ ይመጣል። ግብሩም እንዲሁ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ ከሕንፃ ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ጥሎ፣ ከሽያጩ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ የነበረን ቤት ነፃ አድርጓል። ሰርቪሷን ለሱቅ ያከራየ ሻጭ «ሙሉ በሙሉ» የምትለዋን ቃል ከመፈረሙ በፊት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለንደን የሚኖር ጓደኛዬ አፓርታማውን ሲሸጥ ነገሩን ከሩቅ እከታተል ነበር። እዚያ ሶሊሲተር የሚሉትን የሕግ ሰው የያዘው ማስታወቂያው በወጣ ሰሞን ነው፤ ገዢ ሳይገኝ። ሶሊሲተሩ የባለቤትነት መዝገቡን አወጣ፣ ስለ ቤቱ የሚሞላ የጥያቄ ቅጽ ላከለት፣ ረቂቅ ውል አዘጋጀ። ገዢ ዋጋ አቅርቦ ጓደኛዬ እሺ ቢልም ሁለቱ ወገኖች የተፈረመ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም አይታሰርም። በተለምዶ 10 በመቶ የሆነው ቅድሚያ ክፍያም የሚከፈለው ያኔ ነው። እንግሊዝ ገነት ነው አላልኩም፤ ይህ ክፍተት ሻጭም ገዢም መጨረሻ ላይ እንዲከዳ መንገድ ስለሚከፍት ሕዝቡ ያማርራል። ቢሆንም ጓደኛዬ የፈረመው የሕግ ሰው አይቶለት፣ ቸኩል ሳይባል ነው።

ሰው ጠበቃ የማይዘው ከድህነት ነው የሚለውን አልቀበልም። በከተማችን የደላላ ኮሚሽን በተለምዶ ሁለት በመቶ ነው። ከአክስቴ 9 ሚሊዮን ላይ 180 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ያንን ለመክፈል ማንም አያቅማማም፤ ሰነድ አይቶ ውል ለሚያረቅ ጠበቃ ግን «ለአንድ ወረቀት?» እንላለን። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ነው። ስለዚህ «ቆይ» የሚል ሰው ሁሉ ጠላቱ ነው። ይህን ስል ደላላ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንጀራው የሚጋገረው በችኮላ ነው እያልኩ ነው።

ጠበቆችም ከወቀሳ አያመልጡም። ከኮምፒውተራቸው አሮጌ ውል አውጥተው ስም ቀይረው የሚሰጡ አሉ። ደላላው «የእኛ ጠበቃ» ብሎ የሚያመጣው፣ ለሻጭም ለገዢም በአንድ ጠረጴዛ የሚጽፍም አለ፤ እሱን ከመያዝ ባዶ መሄድ ይሻላል፣ ቢያንስ ብቻችሁን መሆናችሁን ታውቃላችሁ። ፈቃዱን ጠይቁ። ለእናንተ ብቻ እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስማማ። ክፍያውን በሥራው እንጂ ሽያጩ ሲፈጸም በሚል አታድርጉት፤ ያኔ እሱም እንደ ደላላው ይቸኩላል።

ጊዜውም ይኸው ነው፦ ለደላላ ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት። ካርታውን፣ የጋብቻውን ወይም ያላገባ ማስረጃውን፣ የውርሱን ወረቀት፣ የባንኩን ዕዳ ይዛችሁ ሂዱ። ጠበቃው «ሦስት ወር ጠብቁ» ካላችሁ ጠብቁ። ገዢ መጥቶ «ዛሬ ቀብድ ልስጥ» ቢል «ረቂቁን ጠበቃዬ ይልክልሃል» በሉት። ሌላ ቤት አይቻለሁ ካለ ይግዛው።

አክስቴ ቤቱን በመጨረሻ የሸጠችው ከ11 ወር በኋላ ነው፤ የእንጀራ ልጇ ውክልና ደርሶ፣ ካርታው በወራሾቹ ስም ዞሮ። ያሰበችውን ባለ ሁለት መኝታ ግን አልገዛችም፤ 600 ሺህ ጎደላት። አሁን ያለችው ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለውም።