አፍዝ አደንግዝ በኮምፒውተር ጨዋታ

በኮምፒውተር በምንጫወታቸው የተረት ዓለም ጨዋታዎች ውስጥ ድግምት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ያቃጥላል፤ ሌላው ይፈውሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ አይገድልም፣ አያድንምም፤ ያስራል። ጠላትን ያስተኛል፣ ያደነዝዛል፣ ያስፈራል፣ በድር ይተበትባል፣ ሲሻውም ወዳጅ አድርጎ ከጎናችን ያሰልፈዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ይህን ሦስተኛ ወገን በጅምላ «ክራውድ ኮንትሮል» ይሉታል። ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ይህንኑ ነው፤ ነገሬም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለእነዚህ ድግምቶች ስም መዋስ አይገባንም። ስሙም፣ ሕጉም፣ ማፍረሻውም ከጥንት ጀምሮ በእጃችን አለ።

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ጌም ቤት አይታጣም። አብዛኛው ወጣት ኳስ ይጫወታል፤ ጥቂቶች ግን ኮምፒውተር ላይ ተጥደው ጠንቋይና ዘንዶ ያለበትን ዓለም ይዞራሉ። ሳዳምጣቸው «ፍሪዝ አድርገው!»፣ «ስተን ሆኗል፣ ቶሎ ምታው!»፣ «ቻርም አደረገብኝ!» ይባባላሉ። ከዚያው ቤት ወጥቶ መናኸሪያው በር ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ ሌላ ወሬ ይሰማል፤ «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ገንዘቤን በገዛ እጄ አስረከብኋቸው» የሚል የመንገደኛ እሮሮ። ነገሩ እውነተኛ ድግምት ይሁን የሌባ ማታለያ፣ ለዛሬ ጉዳዬ አይደለም። ጉዳዬ ሁለቱ ቃላት ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ፣ በአንድ ሰፈር እየኖሩ፣ አለመተዋወቃቸው ነው።

ይህን ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ አሠራሩን ላስረዳ። ነገሩ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። እኔ አራት ጀግኖች አሉኝ እንበል፤ ጠላቶቼ ስምንት ናቸው። በየዙሩ እያንዳንዱ ተዋጊ አንድ ጊዜ ቢሰነዝር፣ ከእኔ ወገን አራት ምት ሲወጣ ከእነርሱ ስምንት ይመጣብኛል፤ በሦስት ዙር 24 ምት ማለት ነው። የእሳት ኳስ ወርውሬ ስምንቱንም ባቆስል እንኳ፣ እስካልሞቱ ድረስ ቁስለኛው እንደ ጤነኛው ይሰነዝራል፤ በጨዋታው ሕግ የቆሰለ ክንድ አይዝልምና። አራቱን ለሦስት ዙር ባስራቸው ግን 12 ምት ከላዬ ይነሣል፤ ውጊያውም አራት ለአራት ይሆናል። የሚያስር ድግምት የሚገዛልን ጊዜ ነው። ጠላትን አያጠፋውም፤ በየተራው እንዲመጣ ያደርገዋል እንጂ።

ይህ ብልሃት ከኮምፒውተር ይቀድማል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት፣ በወረቀትና በዳይስ በሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ውስጥ የሚያስተኛውና ወዳጅ የሚያደርገው ድግምት ገና በመጀመሪያው ደረጃ ይገኛሉ። በ1998 የወጣው «ባልደርስ ጌት» እነዚህኑ ወረሰ። በ1999 በወጣው «ኤቨርክዌስት» ደግሞ ኢንቻንተር የተባለው ገጸ ባሕርይ ትልቁ ሥራው በቡድኑ ላይ የሚጎርፈውን ጠላት አፍዝዞ ማቆየት ነበር። በ2023 በወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ዝቅተኛው የማስተኛ ድግምት የሕይወት ነጥባቸው ድምር ከ24 ያልበለጠ ጠላቶችን ያስተኛል፤ የተኛው ግን አንዴ ከተመታ ይነቃል። አንድን ጠላት በቆመበት የሚያደርቀው ድግምት ደግሞ የሚይዘው ሰውንና ሰው መሰል ፍጡርን ብቻ ነው፤ የደረቀውን ቀርቦ ለመታ ሰው ምቱ እጅግ ይከብድለታል።

ይህን ያህል ኃይል ያለው ነገር ልጓም ያስፈልገዋል፤ ልጓሙም ሦስት ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ነው፦ የተደገመበት ፍጡር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልለታል፤ በዚያ ላይ የራሱ ጥበብ ወይም ጉልበት ይደመርለታል፤ ቁጥሩ ከሞላ ያመልጣል፤ ካልሞላም ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ይሞክራል። ሁለተኛው ልብን መሰብሰብ ነው፦ ደጋሚው ልቡን ከድግምቱ ላይ ማንሣት የለበትም፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ድግምቶችን ባንድ ጊዜ መያዝ አይችልም፤ ከተመታም ጽናቱ በዕጣ ይፈተናል፤ ከወደቀ ያሰራቸው ሁሉ ይፈታሉ። ሦስተኛው ማፍረሻ ነው፦ ድግምትን የሚሽር ሌላ ድግምት አለ። ሰው ከሰው ጋር በሚጋጠምበት ጨዋታማ ልጓሙ ይጠብቃል። በ2004 የወጣው «ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ለረጅም ጊዜ የሠራበት ሕግ እንዲህ ነበር፦ ያው ዓይነት እስር ባንድ ተጫዋች ላይ ወዲያው ሲደገም ዕድሜው በግማሽ ያጥራል፤ ሦስተኛው ሩብ ብቻ ይቆያል፤ አራተኛው ጨርሶ አይዝም። ይህ ባይኖር አንዱ ተጫዋች እጁን አጣጥፎ የራሱን ሞት ሲመለከት ይውል ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። «አፍዝ አደንግዝ» የሚለውን ስም አስተውሉት። ሁለቱም ቃላት ትእዛዝ ናቸው፤ ፈዘዘና ደነገዘ ከሚሉት ግሦች የወጡ፣ «አድርግ!» የሚሉ ቃላት። ስሙን የጠራ ድግምቱን አዘዘ። ወዳጅ ለሚያደርገው ድግምት «መስተፋቅር» አለን፤ ጠላቶችን እርስ በርሳቸው ለሚያባላው «መስተጻልእ» አለን፤ ያየውን ሁሉ ለሚያስደነግጠው «ግርማ ሞገስ» አለን። በብራና ከተጻፉት ክታቦች መካከል «ማዕሠረ አጋንንት» የሚባል ጸሎት አለ፤ የአጋንንት ማሰሪያ ማለት ነው። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባልም አለ፤ የሰሎሞን መረብ፣ አጋንንት እንደ ባሕር ዓሣ የሚጠመዱበት። በጨዋታው «ዌብ» እያልን የምንጠራው ጠላትን በድር የሚተበትብ ድግምት፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ለሚል ሕዝብ እንግዳ ነገር ሊሆን ነው?

ስሙ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም አለ። «ድግምት» የሚለው ቃል ደገመ ከሚለው ነው፤ ዳዊት ይደገማል፣ አስማት ይደገማል። ድግምት አንዴ ተናግረው የሚተዉት ነገር ሳይሆን ልብን ሰብስቦ፣ ሳያቋርጡ የሚመላለሱበት ቃል ነው። ጨዋታ ሠሪዎቹ በሁለተኛው ልጓም የደረሱበት ሐሳብ በእኛ ዘንድ በቃሉ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ማፍረሻውም «መፍትሔ ሥራይ» ይባላል፤ ሥራይ የተባለውን ክፉ አስማት የሚፈታ ጸሎት ነው። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተሙት መጽሐፍ በእነዚሁ የማፍቻ ጸሎቶች ላይ የተሠራ ነው። ራስን አስቀድሞ ለመጠበቅም «ዓቃቤ ርእስ» አለ። ክታቡ በዘፈቀደ አይጻፍም፤ የባለቤቱ ስም ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜም ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ብራናው በቁመቱ ልክ ይቆረጥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በክታቦቻችን የሚታሰሩት አጋንንት ናቸው። ሰውን ማፍዘዝ፣ ሰውን ሳይወድ ማፋቀር፣ ሰውን ከሰው ማጣላት እንደ በደል ይቆጠራል፤ ለተበደለውም መፍትሔው ተዘጋጅቶለታል። ጨዋታው ይህን ልዩነት እምብዛም አይጠይቅም። እንዲያውም የጠቀስሁት የሚያደርቅ ድግምት ሰውን ብቻ መርጦ ይይዛል። ጭላንጭሉ ግን አለ፤ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ2014 ባወጣው ሕግ በድግምት ወዳጅ የተደረገ ሰው፣ ድግምቱ ሲያልቅ የተደረገበትን ያውቃል። በእኛ ስሞች የሚሠራ ጨዋታ ይህን ጭላንጭል የታሪኩ ማዕከል ሊያደርገው ይችላል፦ ማንን ነው የምታስረው? ጋኔንን ነው ወይስ ሰውን?

ይህ ጥያቄ ከጨዋታው ውጭም ይሰማል። «ክራውድ ኮንትሮል»ን ቃል በቃል «ሕዝብን መቆጣጠር» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። በአማርኛ ይህ ሐረግ ጠንቋይና ዘንዶ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው አድማ በታኝን፣ ዱላንና አስለቃሽ ጭስን ነው። በእኛ ሰፈር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቢሾፍቱ ያደርሳል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተፈጠረው ግርግር ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያን ቀን ለሚያስታውስ ሰው ሐረጉ ጨዋታ አይደለም፤ በዚያ ሜዳ ላይ ለተረጋገጠው ሰው ዳይስ አልተጣለለትም፣ የሚቀጥል ዙርም አልነበረውም። ስለዚህ ለጨዋታው «የማሰር ድግምት» ብንል ይሻላል እላለሁ። ማሰር የሚለው ቃል በውስጡ መፍታትን ይዟል፤ መቆጣጠር ግን ማብቂያ የለውም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው የእናቶቻችን ነው፦ «ይህ የደብተራ ሥራ ነው፤ ስሙን መጥራትስ ለምን አስፈለገ?» እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን ታወግዛለች፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዘመን ጠንቋዮችን አጥብቀው ተዋግተዋል። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ይህንኑ ነገር በባዕድ ስም ከጧት እስከ ማታ እየጠሩት ነው፤ የሚያሳስበን ነገሩ ከሆነ የስሙ ባዕድነት አያነጻውም። በተረት ውስጥ መጥራት ደግሞ ማድረግ አይደለም፤ አያቶቻችን የጅብና የጠንቋይ ተረት የነገሩን አስማተኛ ሊያደርጉን አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተጫዋቾቹ ነው፦ «ስም ምን ይለውጣል? ስተን ብለውም ጠላቱ ይቆማል።» ይቆማል። ነገር ግን «ስተን» የሚል ልጅ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ይማራል። «ማዕሠር» የሚል ልጅ ግን አንድ ቀን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ፣ ዓይን የተሣለበት ረጅም ብራና ፊት ሲቆም፣ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። ዛሬ ያ ብራና ለብዙ ወጣት አቧራ የጠጣ ቆዳ ነው፤ ስለ እርሱ የተጻፈው ብዙው መጽሐፍም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። ቃሉ ከአፍ ሲጠፋ ብራናው በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥም የሚያነበው አያገኝም።

ገበጣን ወደ ስልክ ያመጡ ኢትዮጵያውያን ጨዋታ ሠሪዎች አሉ። ቀጣዩን ሥራ የሚያስቡ ካሉ የምለምናቸው ትንሽ ነገር ነው፦ ዘንዶውን ከመሣላችሁ በፊት የድግምቶቹን ስም ጻፉ፤ አንድ የግእዝ መምህርም ጠይቁ። ጌም ቤት የምትውሉ ወንድሞቼም፣ በሚቀጥለው ውጊያ ስምንት ጠላት ሲመጣባችሁ እሳት ከመወርወራችሁ በፊት አራቱን እሰሩ፤ ስትደግሙም በስሙ ጥሩት።

ቸር ይግጠመን።