መብራት ለማየት እንጂ ለማሳወር አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዊንጌት በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ በሚወጣው መንገድ ማታ ማታ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ችግር ለአንባብያን ለማካፈል ስለ ፈለግሁ፥ በዓምድዎ ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ በሚኒባስ ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። መኪናው ከፊት መብራቱ ሌላ ፓውዛ የሚባሉ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች ተገጥመውለታል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና በመጣ ጊዜ ነጂያችን እንደ ደንቡ ረጅሙን መብራት አሳጠረ፤ ፓውዛዎቹ ግን እንደ በሩ ቀሩ። የጭነት መኪናው ነጂም የተናቀ መስሎት ረጅም መብራቱን ለቀቀብንና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ታወሩ። ብርሃኑ ሲያልፍ፥ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በመንገዱ ዳር የሚሄድ አንድ ተማሪ ከመኪናችን በስንዝር ርቀት ተጠግቶ ቆሞ አየነው። ልጁ ከእኔ ክፍል ነው። በማግስቱ ስም ስጠራ «አቤት» ባለ ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ወንድሜ፥ ፓውዛውን ለምን አላጠፋኸውም?» ብዬ በቍጣ ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፥ የእሱ ማብሪያ ለብቻው ከመሪው በታች ነው። አንድ እጄ መሪ፥ አንድ እጄ ማርሽ ይዟል፤ በየትኛው እጄ ላጥፋው?» ሲል መለሰልኝ።

እውነቱን ነው። እኛ የምግባር ጕድለት ነው እያልን የምንቈጣበት ነገር ብዙ ጊዜ የሽቦ አገጣጠም ጕድለት ነው። ነገሩም ቀላል አይደለም፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛልና፥ ነጂው ለ3 ሴኮንድ ቢታወር 33 ሜትር ሳያይ ነዳ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሪሌ የምትባል፥ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1835 የዚህችን ዓይነት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ስሟ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፥ በጥንት ዘመን የደከመ ፈረስ በትኩስ ፈረስ የሚለወጥበትን ጣቢያ ያመለክት ነበር። በውስጧ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት አለ፤ ጥቂት ኮረንቲ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆንና ብዙውን ኮረንቲ ከባትሪ ወደ መብራቱ ያሳልፋል። በ12 ቮልት መኪና ሁለት ባለ 55 ዋት ፓውዛዎች 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ ሪሌዋን ለማዘዝ ግን የአንድ አምፔር አንድ አምስተኛ ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ማብሪያው አይግልም።

አገጣጠሟም እንዲህ ነው። በእግሮቿ ላይ ቍጥር ተጽፏል። 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪ፥ 87 ከፓውዛው፥ 85 ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ዋናው ቁም ነገር ያለው በ86 ላይ ነው፤ እርሱ ከረጅሙ መብራት ሽቦ ትእዛዝ ይቀበል። እንግዲህ ነጂው በአንድ ጣቱ ሲያሳጥር ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል። 87ኤ የሚባል አምስተኛ እግር ያላት ሪሌ ደግሞ ሁለት ዓይነት መብራቶችን ታፈራርቃለች፤ አንዱ ሲበራ ሌላው መጥፋቱ ግድ ነው። በዚህ ጊዜ አጭሩ መብራት በ87ኤ ቢታሰር፥ የሪሌዋ ጥምጥም ቢቃጠል እንኳ ነጂው በጨለማ አይቀርም። የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ 24 ቮልት ስለሆኑ ሪሌውም ባለ 24 መሆን አለበት።

ያ ነጂ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሰፈራችን ጋራዥ ይህንኑ አስገጠመ። አሁን እሱ ሲያሳጥር ከፊቱ የሚመጡትም ያሳጥሩለታል።

ይህን ጋዜጣ የምታነቡ የመንግሥት ሠራተኞች ብዙ ናችሁና፥ የመሥሪያ ቤት መኪና ስምሪት በእጃችሁ ያለ ሁሉ ተጨማሪ መብራት ያለበትን መኪና አንድ ማታ አስነሥታችሁ እንድታዩ እለምናለሁ። በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም መብራቱ ሲያጥር ሌላው ሁሉ አብሮ መጥፋቱን መመልከት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። መኪና ያላችሁም ፓውዛ ስታስገጥሙ ሠራተኛውን «ይበራልን?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «በጊዜውስ ይጠፋልን?» ብላችሁ ጠይቁት።

አንድ መምህር
ከአስኮ