መታወቂያው ላይ ስንት እንሁን?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቆቦ ልጅ ወዳጅ አለን። አባቱ የቆቦ፣ እናቱ የአላማጣ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ አማርኛና ትግርኛ እየተቀባበሉ ይወራሉ፤ ከዞብል በኩል የመጡት አያቱ ደግሞ ሲቆጡ በኦሮምኛ ነበር የሚቆጡት። ታዲያ ይህ ልጅ ከዓመታት በፊት መታወቂያ ሊያወጣ ወደ አንድ ቀበሌ ጎራ ይላል።

«ብሔር?»

«ራያ።»

ጸሐፊዋ ሳቅ አለች። «ራያማ አገርህ ነው፤ ብሔርህን ንገረኝ።» ሦስቱንም ዘረዘረላት። «መስመሩ አንድ ነው፤ አንዱን ምረጥ!»

መረጠ። የትኛውን እንደመረጠ ግን እስከ ዛሬ ለእናቱ አልነገራቸውም።

እንግዲህ የራያ ሰው ይህ ችግር የገጠመው ከአየር ላይ አይደለም። ራያና ቆቦ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር አንድ አውራጃ ነበር። ከ1983 በኋላ በመጣው አከላለል ቆቦ ወደ አማራ፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ ክልል ተደለደሉ። ውዝግቡ ዛሬም አልበረደም። መሬቱ የማን ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንለፈውና ስለ ሰውየው እናውራ። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ቆቦ በደረሰ ጊዜ አንድ ነገር ገብቶናል፤ መታወቂያ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ኬላ ላይ የሰውን ዕጣ ልትወስን ትችላለች። በሩዋንዳ የቅኝ ገዢዎች ዘመን ያስገባው የብሔር መታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1994 መንገድ ላይ ማን እንደሚሞት መለያ ሆኖ ነበር። ከዕልቂቱ በኋላ ብሔር ከመታወቂያው ወጣ።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ጓደኞቻችን አንድ የሚያውቁት ብልሃት አለ። አንድ ነገር አሥር መለያ ሊኖረው ይችላል፤ አሥሩም ይቀመጣሉ። ለተመልካቹ ግን ስንቱ እንደሚታይ በአንድ መስመር ኮድ ይወሰናል። ያልታየው አልተሰረዘም፣ አለ። የኛ ቀበሌዎች ግን ነገሩን ገልብጠው ያዙት። ሁለቱን ሰርዘው አንዱን ለማንም እንዲታይ በጉልህ ጻፉት!

ደስ የሚለው፣ የተሻለ ኮድ መጻፍ መጀመሩ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ የጣት አሻራና የዐይን አሻራ ወስዶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ሰውየው ራሱ መሆኑን ለማወቅ ይህ ይበቃል፤ ባንክ ሂሳብ ለመክፈትም የአያትን ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም።

«ብሔርን መደበቅ ሰውን መጨፍለቅ ነው» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ስጋታቸው ቀላል አይደለም። በገዛ ቋንቋው እንዳይማር፣ በስሙ እንዳይጠራ የተደረገ ሕዝብ «አትታይ» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ለትምህርት ቋንቋና ለበጀት የሚያስፈልገው የድምሩ ቁጥር ነው፤ ያ ደግሞ የቆጠራ ሥራ ነው። ኪስ ውስጥ የሚያዝ ካርድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚያየው የማናውቀው ሰው ነው። ቆጠራውም ቢሆን ይሻሻል! የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው፤ ቀጣዩ ደግሞ ተራዝሞ ቆይቷል። ጊዜ ካለን አይቀር፣ ቅጹ ከአንድ በላይ እንዲመረጥ ይፍቀድ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2000 ቆጠራቸው ከአንድ በላይ የዘር መለያ ማስመረጥ ጀምረዋል፤ ሰማይ አልተደፋባቸውም።

ካርዱ ስለጸዳ ልብ ይጸዳል አንልም። ስማችን፣ አነጋገራችን፣ ዘፈናችን ያጋልጠናል። ቢሆንም የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠያቂው ሥራ ባያቀልለት ምን ይላችኋል?

የኛ ሐሳብ አጭር ነው። ካርዱ ላይ ትንሽ፣ ቆጠራው ላይ የፈለግነውን ያህል፣ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሁሉንም እንሁን። ያ የቆቦ ልጅም አንድ ቀን እናቱ ፊት ሳያፍር መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ።

ቸር እንሰንብት።