አየርን የመግራት ፉክክርና የፎርሙላ ዋን ደህንነት

የእሽቅድምድም መኪና ፈጣን የሚሆነው በሞተሩ ጉልበት ብቻ እንደሆነ ብዙዎች ያስባሉ። ይሁንና ላለፉት ስድስት አስርት ዓመታት ገደማ በፎርሙላ ዋን ውድድር አሸናፊውን ከተሸናፊው ሲለይ የቆየው፣ ከሞተሩ ባልተናነሰ ሁኔታ፣ መሐንዲሶች በመኪናው ዙሪያ የሚያልፈውን አየር የሚገሩበት ጥበብ ነው። ኤሮዳይናሚክስ የተሰኘው ይህ የሙያ ዘርፍ ለውድድሩ ፍጥነትን ያስገኘውን ያህል የአሽከርካሪዎችን ሕይወት ለአደጋ ሲያጋልጥ፣ የፉክክሩንም ጣዕም ሲያደበዝዝ ታይቷል።

የአሠራሩ መነሻ የአውሮፕላን ክንፍ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ሲያነሳ፣ ተገልብጦ መኪና ላይ ሲገጠም ግን መኪናውን ወደ መሬት ይጫናል። በዚህም ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ ስለሚይዝ አሽከርካሪው ፍጥነቱን ብዙ ሳይቀንስ መታጠፍ ይችላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ አሽከርካሪው የተማመነበት ጫና በመታጠፊያ ላይ ሳለ በድንገት ከጠፋ መኪናውን ለመቆጣጠር ጊዜ አይኖረውም።

አሜሪካዊው ጂም ሆል እ.ኤ.አ በ1966 ቻፓራል በተሰኘው መኪና ላይ ከፍ ያለ ክንፍ በመግጠም መንገዱን ካሳየ በኋላ፣ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች በ1968 ተከተሉት። በቀጭን ዘንጎች ላይ የቆሙት ክንፎች ግን የሚያርፍባቸውን ጫና የሚሸከሙ አልነበሩም። እ.ኤ.አ በ1969 ባርሴሎና በሚገኘው ሞንትጁይክ በተካሄደው የስፔን ውድድር የሎተስ ቡድን አሽከርካሪዎች የሆኑት ግራሃም ሂልና ዮኸን ሪንት የኋላ ክንፋቸው ተሰብሮ በየተራ የተጋጩ ሲሆን፣ ሪንት ጉዳት ደርሶበታል። የውድድሩ አስተዳዳሪዎች በቀጣዩ የሞናኮ ውድድር ላይ ከፍተኛ ክንፎችን አገዱ።

እገዳው ግን ፍለጋውን አላቆመም፤ ከመኪናው በላይ የተከለከለው ከመኪናው በታች ተገኘ። ሎተስ የመኪናውን ሆድ የተገለበጠ ክንፍ ቅርጽ በመስጠትና ጎንና ጎኑን እስከ መሬት በሚደርስ መከለያ በመዝጋት፣ በስሩ የሚያልፈው አየር ፈጥኖ መኪናውን ወደ መሬት እንዲስብ አደረገ። ማሪዮ አንድሬቲም በዚህ ስልት እ.ኤ.አ በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት የብራባም ቡድን ከኋላ በተገጠመ ትልቅ ማራገቢያ ከመኪናው ስር አየር የሚመጥ መኪና ይዞ በስዊድን ቢያሸንፍም፣ መኪናው ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም። የመታጠፊያ ፍጥነት ከልክ በማለፉም ከ1983 ጀምሮ የመኪኖቹ ሆድ ጠፍጣፋ እንዲሆን ተደነገገ።

በዘርፉ ታሪክ እጅግ አሳዛኙ ወቅት እ.ኤ.አ 1994 ነው። በኢሞላ የማጣሪያ ሙከራ ሮላንድ ራትዘንበርገር የመኪናው የፊት ክንፍ ተገንጥሎ ባደረሰው አደጋ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ በማግስቱ ደግሞ የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኑ አይርተን ሴና በውድድሩ ላይ ሞተ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በዚያው ዓመት መኪኖቹ ለመሬት እጅግ እንዳይቀርቡ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ከስራቸው እንዲገጠም አስገደደ።

የደህንነቱ ጉዳይ መሻሻል ሲያሳይ የፉክክሩ ጉዳይ አሳሳቢ ሆነ። ከፊት ያለው መኪና የሚያምሰው አየር ተከታዩን ጫና ስለሚያሳጣው ቀድሞ ማለፍ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። ለዚህም እ.ኤ.አ ከ2011 እስከ 2025 ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ርቀት የሚከተል አሽከርካሪ በተወሰኑ ቦታዎች የኋላ ክንፉን እንዲከፍት ተፈቅዶለት ነበር። በፎርሙላ ዋን መረጃ መሠረት በ2021 የነበረ መኪና ሌላውን በ20 ሜትር ርቀት ሲከተል ከጫናው 35 በመቶ ያጣ ነበር፤ የ2022ቱ ደንብ ይህን ወደ 4 በመቶ ለማውረድ በማለም የታችኛውን አየር ዳግም እንዲጠቀሙ ፈቀደ። መፍትሔው ግን አዲስ ችግር ወለደ፤ መኪኖቹ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሽቅብና ቁልቁል በመንጠራቸው አሽከርካሪዎች የጀርባ ሕመም ገጠማቸው፤ ፌዴሬሽኑም ለንጥረቱ ገደብ ለማበጀት ተገደደ።

ሀብታም ቡድኖች በምርምር ብልጫ እንዳይነጥቁም እ.ኤ.አ በ2021 የ145 ሚሊዮን ዶላር የወጪ ጣሪያ ተጥሏል። በደረጃ የላቀ ቡድን በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ የሚያገኘው ጊዜም ከኋለኞቹ ያነሰ እንዲሆን ተደርጓል።

ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ መኪኖች በተመረጡ ቀጥተኛ ጎዳናዎች ላይ የፊትና የኋላ ክንፋቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተፈቅዷል። በ1968 አንዳንድ አሽከርካሪዎች በጉዞ ላይ ክንፋቸውን ያንቀሳቅሱ እንደነበር ሲታወስ፣ በአደጋ ምክንያት የተከለከለው ሐሳብ ከ57 ዓመታት በኋላ በጠንካራ ቁሳቁስና በጥብቅ ቁጥጥር ተመልሷል ማለት ይቻላል። የዘርፉ ታሪክ እንደሚያስረዳው መሐንዲሱ ምንጊዜም ከደንብ አውጪው አንድ እርምጃ ይቀድማል። በመሆኑም የአዲሱ ደንብ ስኬት የሚለካው በሚያስገኘው ፍጥነት ሳይሆን፣ ደንብ አውጪው ቀጣዩን ክፍተት ሌላ አደጋ ከመድረሱ በፊት ለመድፈን በሚያሳየው ቅልጥፍና ይሆናል።