ፋየርዎሉን አታጥፉት

ሐዋሳ ላይ ሰርቨር የምትጠብቁ፣ በዚህ ሙያ ፀጉራችሁ የሸበተ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ይህን የምለው ለጀማሪዎቹ አይደለም፤ ለእኛው ነው። ከፒያሳ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ «ሼሩ አልከፈት አለ» የሚል ስልክ በተደወለ ቁጥር የብዙዎቻችን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ፋየርዎሉን ወደ ማጥፋት ነው። ፎልደሩ ይከፈታል፤ ሒሳብ ክፍል ያመሰግነናል፤ እኛም ወደ ሌላ ሥራ እናልፋለን። የጠፋው ፋየርዎል ግን እንደጠፋ ይከርማል። በሩ ቢጠብቅበት አጥሩን የነቀለ ሰው ያደረገውን አድርገናል።

ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራው በፖርት 445 ነው። በ2001 ኮንፊከር የተባለው ትል ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ ፖርት ነበር። ግንቦት 4 ቀን 2009 ደግሞ ዋናክራይ መጣ። ለመዛመት ኢሜይል የሚከፍትለት ወይም ፍላሽ የሚሰካለት ሰው አላስፈለገውም። 445 ክፍት የሆነበትንና ማሻሻያ ያልተጫነበትን ማሽን ራሱ እየፈለገ ይገባል፣ ፋይሉን ይቆልፋል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ማሽን ይሻገራል። ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተመቱ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ሰረዙ፤ አምቡላንሶችም ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲሄዱ ተደረገ። ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን የለቀቀው ግን ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

«ያ አለፈ» አትበሉኝ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 2012 ላይ ቢያበቃም ማሽኑ ዛሬም በየቢሮው ደብዳቤ ይጽፋል። ለአንድ አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን ስካን ሲባል ኤስኤምቢ 1ን ሰርቨር ላይ መልሶ የሚያበራ ባለሙያ አለ፤ ዋናክራይ የገባው በዚያው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው።

እባካችሁ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት መርምሩ። ፒንግ መመለሱ ማሽኑ መኖሩን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ስለ 445 ምንም አይልም። ፓወርሼል ላይ ቴስት-ኔትኮኔክሽን ብላችሁ የሰርቨሩን አይፒና ፖርት 445ን ስጡት። «ትሩ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የፓስወርድ ወይም የፈቃድ ነውና ፋየርዎሉን አትንኩት። «ፎልስ» ካለ ሰርቨሩ ላይ ኔትስታት -an ብላችሁ ጻፉና 445 «ሊስኒንግ» ማለቱን እዩ። ካላለ ያልተነሳው ሰርቪሱ ነው። ካለ ግን የኔትወርክ ፕሮፋይሉን ተመልከቱ። ራውተር ሲቀየር ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንደ እንግዳ ቆጥሮ «ፐብሊክ» ይለዋል፤ ያን ጊዜ የፋይል መጋራት ፈቃዱ ይዘጋል። እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ወደ «ፕራይቬት» መመለስ ብቻ ነው። ካልሆነም አንቲቫይረሱ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው እንደሚችል አትርሱ። 445ን መክፈት ግድ ከሆነ ለቢሮው አይፒ ብቻ ክፈቱት።

የምንጠብቀው የሰው ደመወዝ፣ የሰው ሕመም፣ የሰው ይዞታ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን መጠበቅ ግዴታ አድርጎታል፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ የታመንነው እኛ ነን።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ከቤቱ ሆኖ ፋይል እንዲያይ ሲባል 445ን ወደ ኢንተርኔት መልቀቅ ነው። ከውጭ መግባት ካስፈለገ ቪፒኤን አለ። ዛሬውኑ ወደየራውተራችሁ ግቡ። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚለው ገጽ ላይ 445 ወይም 139 ካለ ሰርዙት። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ከውጭ ሞክሩት፤ አልገናኝ ማለት አለበት።