ለበሬ ዋስ የሚጠራ ገበያ ለትራክተር ለምን ዝም ይላል?

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አይቸኩልም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ጫንቃውን ዳብሶ የቀንበር ቁስል ይፈልጋል። ወዲያ ወዲህ አስኪዶ ያነክስ እንደሆነ ይመለከታል። ሻጩ ከየት እንደመጣ፣ በሬውን ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላም ነገሩ አያልቅም፤ ዋስ ይጠራል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ነገ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት።

ይኸው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ትራክተር ሊገዛ አዲስ አበባ ሲመጣ ግን ሥርዓቱ ሁሉ ይገለበጣል።

ከአርሲ የመጡ አራት ገበሬዎች እንበል። የስንዴ ሽያጭ፣ የከብት ሽያጭና ከዘመድ የተበደሩት ገንዘብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ቅድሚያ ክፍያ ሆኗል። ቀሪውን የሊዝ ድርጅት ይሸፍናል። የአስመጪው ግቢ ውስጥ አዲስ ቀለም የሚያብረቀርቅ ትራክተር ቆሟል። የሽያጭ ሠራተኛው ትሁት ነው፤ ሻይ ያስቀርባል።

«ጋሼ፣ ይሄ 90 ፈረስ ጉልበት ነው። የፈለጉትን መሬት ይገለብጣል።»

«መለዋወጫውስ፣ ልጄ?»

«አለ፣ ችግር የለም።»

«ቢበላሽ ማን ይመጣል?»

«እኛው ነን የምንመጣው ጋሼ፣ ችግር የለም። ብቻ ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ለ15 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይጨምራል።»

ሽማግሌው ሁለት ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቀዋል። ለሁለቱም የተሰጣቸው መልስ «ችግር የለም» ነው። «ችግር የለም» ግን ውል ላይ አይጻፍም። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋው፣ የሞተሩ ቁጥርና የክፍያው ሁኔታ ነው። ፊርማው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሊወጣ ሲል፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ይሄዳል። ማረሻው አይነሳም። ስልክ ይደወላል። መካኒኩ ሌላ ዞን ወጥቷል። ፓምፑ ከውጭ ታዟል። ሳምንት በሳምንት ላይ ይደረባል፤ ዝናቡ አይጠብቅም፤ የጎረቤት ማሳ ተዘርቶ ይበቅላል። የሊዝ ክፍያው ቀን ግን አይዘገይም።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ትራክተር ገዝቶ በእርሻ ወቅት ለመለዋወጫ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ራሱን የሚያገኝበት ሥዕል ነው። እንደ ሥራ ቀኑ ጉዳቱም ትልቅ ነው። ጥንድ በሬ በቀን ከሩብ ሄክታር ብዙም አልፎ አያርስም። ትራክተር በአንድ ቀን የብዙ ጥንድ በሬ ሥራ ይሠራል። በመሆኑም የቆመ ትራክተር የሚያስከፍለው የብዙ ጥንድ በሬዎችን ቀን ነው፤ ያውም በሬዎቹ ቀድመው ከተሸጡ በኋላ።

መንግሥት የከፈተው በር

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የግብርና ሜካናይዜሽንና የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ ሆነው እንዲገቡ ፈቀደ። ውሳኔው ትክክል ነበር። መሬቱን በበሬ እየገለበጠ ከተማ የሚቀልብ አገር በማረሻ ላይ ቀረጥ የሚጥልበት ምክንያት አልነበረውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ትራክተር በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው። የቀረጡ እፎይታ የሰጠውን ምንዛሪው መልሶ ወሰደው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መለዋወጫውም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚነሳው። ሕዝብ ለትራክተር አስመጪነት ሲባል ሊሰበስብ የሚችለውን ቀረጥ ትቷል። በምላሹ ምን አገኘ? ርካሽ ብረት ብቻ ከሆነ ስጦታው ግማሽ ነው። ትራክተር የሚገዛው ሠርቶ እንዲያድር ነው። ሠርቶ የሚያድረው ደግሞ ፊልትሮው፣ ፓምፑ፣ ፍሪሲዮኑና መካኒኩ አብረውት ሲኖሩ ነው። የቀረጥ እፎይታ ለማሽኑ ተሰጥቶ ለማሽኑ ዕድሜ ኃላፊነት ካልተጠየቀበት፣ ገበሬው ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

90 ፈረስ የት ነው 90 የሚሆነው?

ከመለዋወጫው በፊት ደግሞ የጉልበቱ ጉዳይ አለ። በወረቀት ላይ የሚጻፈው ፈረስ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ነው። ፒቲኦ በሚባለው የኋላ ዘንግ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል። ማረሻውን አፈር ውስጥ የሚጎትተው ጉልበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ገበሬው የሚያርሰው በመጨረሻው ነው፤ የሚከፍለው ግን ለመጀመሪያው ነው።

ከፍታም አለ። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ ሲደረስ ከ90ው ፈረስ ሃያ ያህሉ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ሁመራ ቆላ ላይ ሦስት ዲስክ የሚጎትት ትራክተር፣ በደጋው ጥቁር ዋልካ ላይ ዝናብ ሲነካው ቢያጣጥር አይገርምም። ጥፋቱም የሹፌሩ አይደለም። ማንም ሻጭ ይህን ያውቃል፤ «ማሳዎ የት ነው? አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ግን ስንት ነው?

ይህ ችግር አዲስም የእኛ ብቻም አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የአሜሪካ ገበሬ እንዲሁ ተታሎ ነበር። ዊልሞት ክሮዚየር የሚባል የኔብራስካ ገበሬ የገዛቸው ትራክተሮች የተባለላቸውን ያህል አልሠሩም። ሰውየው የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበርና ቁጣውን ወደ ሕግ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የኔብራስካ ሕግ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ በግዛቲቱ የሚሸጥ የትራክተር ዓይነት አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲው ተፈትኖ ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ። ሁለተኛ፣ ሻጩ በቂ መለዋወጫ እዚያው ግዛቱ ውስጥ እንዲያከማች። በ1920 ዋተርሉ ቦይ የተባለው ትራክተር የመጀመሪያውን ፈተና አለፈ። ፈተናው ዛሬም ሊንከን ከተማ ውስጥ ይካሄዳል።

ሁለቱን ትእዛዞች ልብ ማለት ይገባል። ሽማግሌው ሻይ እየጠጡ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ያለውን ያህል ይሠራል ወይ? ሲበላሽስ መለዋወጫው አለ ወይ? የኔብራስካ ሰዎች መልሱን ለሽያጭ ሠራተኛ አፍ አልተዉትም።

ትግሉ እዚያም ገና አላለቀም። የዛሬው ትራክተር ኮምፒውተር ስላለው፣ ገበሬው ራሱ እንዳይጠግን ሶፍትዌሩ ይዘጋበታል። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 አምራቾች የጥገና መመሪያ፣ መሣሪያና ሶፍትዌር ለገበሬውና ለግል መካኒኩ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ማውጣቱ ከዚህ የተነሳ ነው። ባለ ብዙ ሀብቱ ገበሬ ከሻጭ ጋር ለመደራደር ሕግ ካስፈለገው፣ የአርሲው ገበሬ በሻይ ግብዣ ብቻ እንዲጠበቅ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በእኛም አገር ባዶ ሜዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው በስልክ ይናገራል፤ በጽሑፍ አያስታውቅም። ክርክር ሲነሳ የስልኩ ንግግር አየር ላይ ይቀራል።

የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅስ? አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ትራክተር ደግሞ ማምረቻ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ቴሌቪዥን የገዛ የከተማ ሰው የሚገባበት በር፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ትራክተር ላይ ላፈሰሰ ገበሬ ደጃፉ ላይ ክርክር ያስነሳል። ይህ ክፍተት ሊደፈን የሚገባው ነው።

የሻጩም እውነት አለ

አስመጪው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መደምደም ግፍ ይሆናል። ለዓመታት መለዋወጫ ለማስመጣት የባንክ ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ አስመጪ ብዙ ነው። ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ በቁም መለዋወጫ አድርጎ ማስቀመጥ ይከብደዋል። በአንድ ወረዳ ሁለት ትራክተር ሸጦ እዚያ ጋራዥ መክፈት አያዋጣውም። ደግሞም ከብልሽቱ ብዙው የአያያዝ ነው። አዲስ ትራክተር ብዙውን ጊዜ 50 ሰዓት ሲሠራ የመጀመሪያ ሰርቪሱን ይፈልጋል። ዘይቱ ሳይቀየር፣ ፊልትሮው ሳይጸዳ፣ በጀሪካን በተቀዳ ውኃ ባለበት ናፍጣ ስድስት ወር ተነድቶ ሲቆም «ዕቃው የማይረባ ነው» ይባላል። ልምድ የሌለው ሹፌር ማታ ማታ በኪራይ ሲያሯሩጠው ባለቤቱ አያይም።

እውነት ነው። ግን ይህ እውነት ወዴት ያመራል? ሹፌሩ ካልሠለጠነ፣ ማሠልጠን የሽያጩ አካል ይሁን። አንድ ወረዳ ለአንድ ሻጭ ጋራዥ ካላዋጣ፣ አስመጪዎች የአካባቢውን መካኒክ አሠልጥነው ይወክሉ። መለዋወጫ ማከማቸት ገንዘብ የሚይዝ ከሆነ፣ የቀረጡ እፎይታ በመጀመሪያ የሚሸልመው ያንን የሚያከማቸውን ይሁን። አሁን ባለው አሠራር መጋዘኑን በመለዋወጫ የሞላው ታማኝ አስመጪ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ማሽኑን ብቻ አራግፎ የሚጠፋው ይረክሳል። ገበሬው ደግሞ ዋጋ አይቶ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሥርዓቱ ራሱ ታማኙን እየቀጣ ነው።

ምን ይደረግ?

መንግሥት የቀረጥ እፎይታውን ከግዴታ ጋር ይሰር። ከቀረጥ ነጻ ትራክተር የሚያስገባ ድርጅት ቶሎ የሚያልቁና የሚበላሹ መለዋወጫዎችን አገር ውስጥ እንደሚይዝ፣ ለስንት ዓመት እንደሚያቀርብ፣ የጥገና ቦታው የት እንደሆነ በጽሑፍ ያስታውቅ። አገር ውስጥ የሚደረግ የማሽን ፈተና ውጤትም ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ከፍታው ሳይቀር።

የሊዝ ድርጅቶችና ባንኮች ከማንም በላይ አቅም አላቸው፤ ገንዘቡን የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና። ገበሬ በአንድ ትራክተር የማያገኘውን ቃል፣ ብዙ ትራክተር የሚገዛ የሊዝ ድርጅት በአንድ ስብሰባ ያገኛል። ለሻጩ ከሚከፈለው ጥቂቱ ማሽኑ ማሳ ላይ ተፈትኖ፣ ሹፌሩ ሠልጥኖ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ እስኪደረግ ቢያዝ ምን ይከለክላል? በሻጩ ጥፋት ማሽኑ ሲቆም የሊዝ ክፍያውም የሚዘገይበት አንቀጽ ቢኖር፣ ፓምፑ ከተባለው ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

ገበሬውም የበሬ ገበያ ብልሃቱን ይዞ ይምጣ። ከመፈረሙ በፊት ያንኑ ትራክተር ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ፈልጎ ይጠይቅ፤ የሻጩን ግቢ ሳይሆን የገዢውን ማሳ ይይ። ከሽያጭ ክፍሉ ይልቅ መለዋወጫ ክፍሉን ይጎብኝ፤ የሃይድሮሊክ ፓምፕና የፍሪሲዮን ሸራ ዋጋ ይጠይቅ፤ መደርደሪያው ላይ ካለ በዓይኑ ይይ። «እንመጣለን» ሲባል በስንት ቀን? ብሎ ቀኑን ውሉ ላይ ያስጽፍ። ብልሽት ሲደርስ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ቅጂውን ይያዝ። ከሁሉም በላይ ብቻውን አይግዛ። አሥር ትራክተር የሚፈልግ ማኅበር ሲመጣ የሽያጭ ሠራተኛው ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ይወርዳል።

በዘመናት የተፈተነ የገበያ ጥበብ አለን። ሻጭ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም እንዲያስይዝ የሚያስገድድ ነው። በአንድ በሬ ላይ ዋስ ካልተጠራ ሽያጩ አይጸናም ያለ ሕዝብ፣ የሃምሳ በሬ ዋጋ በሚወጣበት ማሽን ላይ «ችግር የለም» ተብሎ መሸኘት የለበትም።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ጊዜ ሻዩን ከመጠጣታቸው በፊት አንድ ነገር ቢሉ ይበቃል፦ «ልጄ፣ ችግር ከሌለማ ጻፈው።»