ስለ ጉሎ ዘይትና ስለ ፋጉሎው

በአምበርና በአካባቢው ለጠጉር የሚመረጠው ለጋ ቅቤ መሆኑ የታወቀ ነው። ቅቤ በራስ ሙቀት ቀልጦ ጠጉርን ያለሰልሳል፤ ሲሰነብት ግን ሽታው ያስቸግራል። የጉሎ ዘይት ይህ ጣጣ የለበትም፤ ወፍራም ስለ ሆነም ጥቂቱ ይበቃል። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ፍሬ ትቶ ዘይቱን በጠርሙስ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ለነጋዴ የሚያኰራ አይደለም።

ሆኖም የኑግ መጭመቂያ ያለው ሰው በዚያው መሣሪያ ጉሎ ልጭመቅ ቢል ታላቅ ስሕተት ነው። የኑግ ፋጉሎ ከብት ያደልባል፤ የጉሎው ግን ሪሲን የሚባል መርዝ ስላለበት ከብት ይገድላል። መርዙ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጭመቂያውም መጋዘኑም ይለይ፤ በጆንያውም ላይ «ለከብት አይሰጥም» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።